«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ»
አባባሉ ከየት መጣ? ለትዳራችንስ ምን ይነግረናል?

«እሱ ምን ጎደለው? የወርቅ ማንኪያ በአፉ ይዞ የተወለደ ነው!» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከሀብታም ቤት ተወልዶ፣ ሳይለፋ ደልቶት ለሚኖር ሰው የምንለው ነው። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ አያቶቻችን ከአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው በእጃቸው የሚጎርሱ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ይህን ማንኪያ ከየት አመጡት?

እውነቱን ለመናገር አላመጡትም። አባባሉ ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ነው። እንግሊዞቹ የሚሉት የብር ማንኪያ ነው፤ ወደ እኛ ሲሻገር ወርቅ ሆነ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር አቅም ያላቸው የክርስትና አባቶችና እናቶች ለሚጠመቀው ሕፃን በእጀታው ጫፍ ላይ የሐዋርያ ምስል የተቀረጸበት የብር ማንኪያ በስጦታ ይሰጡ ነበር። ብዙዎች አባባሉን ከዚህ ልማድ ጋር ያያይዙታል። የድሃ ልጅ ማንኪያውን ቢያገኝም ካደገ በኋላ ነው፤ የሀብታም ልጅ ግን ይዞት የተወለደ ያህል ነው ለማለት ነው።

የእኛ የውርስ አባባል ከማንኪያ ሳይሆን ከአፈር የወጣ ነው። እርሱም «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቷቸው። ማንኪያው የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ድሎት ነው፤ ርስቱ ግን ስለ መብትና ስለ ትውልድ ይናገራል። ማንኪያ የያዘው ሰው ምግቡ ቀርቦለታል፤ ርስት ያለው ሰው ደግሞ ገና ጠምዶ ማረስ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ አባባሉ የበቀለበትን ሥርዓት፣ ያመጣውን በረከትና ያስከተለውን ጣጣ እንመለከታለን። ከዚያም በተለይ ባልና ሚስት ለሆናችሁ አንባብያን ዛሬ በቤታችሁ ልትነጋገሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ እናነሣለን።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ርስት»፣ «ውርስ» እና «ወራሽ» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስቱም የተገኙት «ወረሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ስለዚህ ርስት ማለት መሬት ማለት ብቻ አይደለም፤ የተወረሰ፣ ከአባትና ከእናት የተላለፈ መሬት ማለት ነው። ሰው ነግዶ ያገኘው ገንዘብ ሀብት ነው፣ ጥሪት ነው፤ ርስት ግን አይባልም። ርስትን ለማግኘት መወለድ ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «አጽመ ርስት» የሚል ጠንከር ያለ ስያሜም አላቸው። አጽም አጥንት ነው። የአያት የቅድመ አያት አጥንት ያረፈበት፣ ከዘር ወደ ዘር የተላለፈ መሬት ነው እንደ ማለት ነው። መሬቱን የሚነካ ሰው አጥንት የነካ ያህል የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

«ሺህ ዓመት» የሚለውስ? ማንም ቁጭ ብሎ አንድ ሺህ ዓመት አልቆጠረም። «የቱንም ያህል ዘመን ቢያልፍ» ለማለት ነው። የአባባሉ ጠቅላላ ፍቺ እንግዲህ «ጊዜ መብትን አይሽርም፤ የተወሰደው፣ የተረሳው፣ በሌላ እጅ የገባው ሁሉ አንድ ቀን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል» የሚል ነው። ዛሬ ከመሬት ውጭ ላለ ነገርም እንጠቅሰዋለን። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወራሪዎች የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ከ68 ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ነገሩን ከዚህ አባባል አሳጥሮ የሚገልጽ ቃል ማግኘት ያስቸግራል።

አባባሉ የበቀለበት ሥርዓት

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በማንዝና በሌሎችም የሰሜን ደጋዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው የርስት ሥርዓት እንዲህ ነበር። አንድ አገር ሲቀና መጀመሪያ መሬቱን የያዘ አባት ነበር። የእርሱ ተወላጅ የሆነ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል፣ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ጠያቂው የሚጠበቅበት ትውልዱን መቁጠር ነው። «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ» እያለ እስከ ዋናው አባት ድረስ መድረስ ከቻለ ድርሻዬ ይሰጠኝ ለማለት አፉን ሞልቶ ይናገራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው በረሃብ ወይም በጦርነት ምክንያት ከአገሩ ተሰድዶ ሩቅ ቦታ ልጅ ወልዶ ሞተ እንበል። ልጁም እዚያው ወልዶ ሞተ። የልጅ ልጁ ግን አድጎ ወደ አያቱ አገር ተመልሶ መጣ። መሬቱን ዘመዶቹ ይዘው ያርሱታል። «አያትህ ጥሎት ሄዷል፤ እኛ ይህን ያህል ዘመን ስናለማው ኖረናል» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ ወይ? በርስት ሕግ አይችሉም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ የልጅ ልጁ ትውልዱን ካስረዳ ድርሻውን ይቆርሱለታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል የዚህ ሥርዓት የሕግ አንቀጽ ነበር ማለት ይቻላል።

አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በቅርብ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ገበሬ በአባቱና በእናቱ በኩል በብዙ ቦታ የርስት መብት ሊኖረው ይችላል፤ በእጁ የሚገባው መሬት ግን ከመብቱ ጥቂቱ ብቻ ነው። ብዙውን የሚያገኘው ዘመድ የሚያበዛ፣ ሙግት የሚያውቅ፣ ሹም የሚቀርብ ሰው ነበር።

ርስትን ከጉልት መለየትም ያስፈልጋል። ጉልት ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት ሲሆን የሚሰጠውም ለሹማምንት፣ ለመኳንንትና ለቤተ ክህነት ነበር። ባለጉልት ሲሻር ይነሣል፤ ባለርስት ግን አይነሣም። ለዚህም ነው ተራው ገበሬ ጫማ ሳይኖረው በርስቱ ግን ጌታ ሆኖ ቀና ብሎ የሚሄደው።

በረከቱና ጣጣው

ሥርዓቱ በረከት ነበረው። የተሰደደ ሰው የሚመለስበት አገር አለው። ሴት ልጅ አግብታ ብትሄድም ከአባቷ ርስት አልተነቀለችም፤ ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት የምትመለስበት መሬት ነበራት። በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ክፍሎች ሴት ልጅ ከመሬት ውርስ ትገለል እንደነበር ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣውም የዚያኑ ያህል ነበር። መብት በጊዜ ካልተገደበ ሙግትም በጊዜ አይገደብም። ዛሬ ያረስከውን ማሳ ነገ ከየት እንደመጣ የማታውቀው የሥጋ ዘመድ ትውልድ ቆጥሮ ይጠይቅሃል። አባቶቻችን ሚስትና ርስት ሲነኩ ዝም ማለትን እንደ ነውር ይቆጥሩት ስለነበር በወሰን ድንጋይ የተነሣ ወንድማማች ተጋድሏል፤ ደሙም ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፏል። ርስቱ ሲወረስ ቂሙም አብሮ ተወርሷል።

ደግሞም «ባለቤት» ተብሎ ያልተቆጠረ ሰው ነበር። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ከርስት ተገልለው ኖረዋል። ሙስሊም ወገኖቻችንም በብዙ የሰሜን አካባቢዎች በነግድና በሽመና ብቻ እንዲኖሩ ተገድደዋል። በደቡብ ደግሞ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደር ሲሰጥ ነባሩ ባላገር በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆነ። የአንዱ ርስት የሌላው ጭሰኝነት ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ይህን አይተው ነው። እስቲ ሁለቱን ቃላት አነጻጽሯቸው። «ለባለቤቱ» የሚለው «አባትህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ላራሹ» የሚለው ደግሞ «የሚያርሰው ማን ነው?» ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየት ተከለከለ። ርስት በሕግ ቀረ። አባባሉ ግን በሰዉ አፍና በሰዉ ልብ ውስጥ ቀጠለ።

ይፋት ላይ ሺህ ዓመት ስንቆጥር

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ በጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትበት የይፋት ቆላ ይህ ነው። ማጀቴ ከዋናው የደሴ መንገድ ወጣ ብላ፣ የማንዝን ደጋ ከጀርባዋ አድርጋ፣ በአንጾኪያ ገምዛ ወረዳ ትገኛለች።

በዚህ አገር ላይ ቁሙና «ሺህ ዓመት» የሚለውን ቃል ለአንድ አፍታ እንደ ቁጥር ውሰዱት። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ይፋት የወላስማ ሱልጣኖች መንግሥት ነበር። በ1332 እ.ኤ.አ. ዓፄ ዐምደ ጽዮን ድል አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወዲህም በጦርነት፣ በረሃብና በፍልሰት የብዙ ሕዝብ እግር ተመላልሶበታል። ዛሬ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ወረድ ሲልም አፋሩ በጉርብትና ይኖራል። ገበያው አንድ ነው፤ ጋብቻውም ተያይዟል። እንግዲህ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ እንቁጠር ብንል ባለቤቱ ማን ሊሆን ነው? ሁሉም የሚቆጥረው አባት አለው፤ ሁሉም የሚያሳየው መቃብር አለው።

የቅርቡን ዘመን ብንወስድም እንዲሁ ነው። በ1977ቱ ረሃብ የአንጾኪያ ሸለቆ የተራቡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት መጠለያ ነበር፤ ወርልድ ቪዥን የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት በሸለቆው ለረጅም ዓመታት የሠራው ከዚያ ጀምሮ ነው። በዚያው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል አሰፈረ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በኋላ ተመልሰዋል። ሲመለሱ ያገኙት ግን ሌላ ቤተሰብ የሚያርሰውን መሬት ነው። ሄዶ የተመለሰው ሰው ተበድሏል፤ ቀርቶ ያረሰውም አልሰረቀም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በዙሪያዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ሰዉ ቀዬውን ጥሎ ሸሽቷል። ለተፈናቀለ ሰው «ለባለቤቱ» የሚለው ቃል ተረት አይደለም፤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ የሚል ተስፋ ነው።

ይፋት የሚያስተምረን ይህንን ነው። የመመለስ ተስፋ መልካም ነው፤ ለከት የሌለው የይገባኛል ጥያቄ ግን ማንንም አያሳርፍም። በአገር ደረጃ እውነት የሆነው ይህ ነገር በአንድ ቤተሰብ ውስጥም እውነት ነው።

ከማጀት የማይወጣው ወሬ

ስለ ከተማዋ ስም አመጣጥ ለመተረት ሳይሆን፣ «ማጀቴ» የሚለውን ስም ስንሰማ ጆሯችን «የእኔ ማጀት» ይላል። ማጀት የቤቱ ጓዳ ነው። እንግዳ የማይገባበት፣ የማይነገረው የሚነገርበት ቦታ ነው። በብዙዎቻችን ቤት የውርስ ነገር የማጀት ወሬ ነው። አባት ፊት አይነሣም፤ «ሞቴን ተመኘህ?» ይባላል። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው አያነሡትም፤ «ሟርት ነው» ይባላል። በመንፈሳዊ ቤትማ «ጌታ ያውቃል» ብለን እንዘጋዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ሞት ይመጣል፤ ድንኳኑ ገና ሳይነሣ ወሬው ከማጀት ወጥቶ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ለምን ዛሬ እንደሚያሳስበን ቁጥሩ ይናገር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ ይህንንም ለልጆቹ ማውረስ ይችላል። በአማራ ክልል አጠቃላይ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሕፃን የነበረ ሁሉ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ለእርሱ መሬት የሚያገኝበት መንገድ በዋናነት ውርስ፣ ስጦታ ወይም ኪራይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሄክታር ማለትም አራት ጥማድ ያላቸው፣ አምስት ልጆች ያፈሩ አባት አሉ እንበል። እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርስም። አምስቱ ደግሞ አራት አራት ልጅ ቢወልዱ የሃያ የልጅ ልጆች ድርሻ 500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሕጉም ከተወሰነ መጠን በታች መሸንሸንን አይፈቅድም። ስለዚህ ማሳው ራሱ «ተነጋገሩ» እያለ ይጮኻል። ከተማ የምትኖሩም ብትሆኑ ቤታችሁን፣ ኮንዶሚኒየማችሁን ወይም ሱቃችሁን አስቡና ያው ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። «ባለቤት» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የንብረት ጌታ ነው። ሁለተኛው «ባለቤቴ» ስንል የምንጠራው የትዳር ጓደኛችን ነው። ጥንት አባባሉን የተናገሩት ሰዎች የመጀመሪያውን ማለታቸው ነው፤ የሥጋ ተወላጁን። ዛሬ ግን ጠዋት ማታ ከጎናችሁ ያለው ባለቤት ምን ይደርሰዋል?

መልሱ ብዙ ባለትዳሮችን ያስደነግጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ወይም ሚስት የሟች የትዳር ጓደኛቸው ወራሽ ናቸው አይልም። በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከሌለ የሟች ወላጆች፤ እነርሱም ከሞቱ የሟች ወንድሞችና እህቶች። የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው በጋብቻ አብረው ካፈሩት የጋራ ንብረት የራሱን ግማሽ ነው። በተጨማሪም በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት አንዱ ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም ከጋብቻ በኋላም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ንብረት የግሉ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። አንዲት እህት ባሏ ከአባቱ በወረሰው ቤት ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ጣሪያው ሲያፈስስ አብራ አስጠግናለች፤ እንግዳ ተቀብላለች፤ አማቷን በዚያ ቤት አስታምማ ቀብራለች። ልጅ አልወለዱም። ባሏ ሳይናዘዝ ቢሞት የቤቱ ወራሾች የባሏ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ብለው መጥተው «ቤቱ ይሸጥና እንካፈል» ቢሉ ሕጉ ከእነርሱ ጋር ነው። ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ክፉው ነገር በሕይወት ሳለ ያልተነገረው ቃል ነው።

በገጠር ደግሞ መልካም ጅምር አለ። በአማራ ክልል በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ በጋራ ይዞታ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር ተደርጓል። ማጀቴም ሆነ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ባለትዳሮች ደብተራችሁን አውጥታችሁ የማን ስም እንዳለበት ዛሬ ማታ ብታዩት ምን ይጎዳችኋል?

መጽሐፍ ቅዱስና ርስት

በመጽሐፍ ቅዱሳችን ርስት ትልቅ ቃል ነው። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ አልሸጥም በማለቱ ተገድሏል (1ኛ ነገሥት 21)። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ቢሞት ስሙ ስለምን ይጠፋል ብለው በሙሴ ፊት ቆሙ፤ እግዚአብሔርም እንደ ፈረደላቸው ተጽፏል (ዘኍልቁ 27)።

ከሁሉ በላይ የኢዮቤልዩን ሕግ ልብ በሉ (ዘሌዋውያን 25)። እዚያም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ነገር ግን የሚመለሰው በሺህ ዓመት አይደለም፤ በአምሳኛው ዓመት ነው። ባለዕዳው በሕይወቱ ወይም በልጁ ዘመን ተስፋ ያያል፤ ገዢውም ከመጀመሪያው ጊዜውን አውቆ ይገዛል። ጥያቄው ቀን ተቆርጦለታል። ሌላም ነገር አለ፤ ምድሪቱ የእግዚአብሔር እንደሆነችና ሕዝቡ በእርሱ ዘንድ እንግዳ እንደሆኑ እዚያው ተነግሯቸዋል። ከሥር መሠረቱ ባለቤቱ እርሱ ከሆነ እኛ ሁላችን ይዘን የምናስተላልፍ ነን።

ጌታችንም አንድ ሰው መጥቶ ወንድሜ ርስቱን ያካፍለኝ ዘንድ ንገረው ባለው ጊዜ ዳኛ ለመሆን አልፈቀደም፤ ይልቁን ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ (ሉቃስ 12፥13-15)። የምሳሌ መጽሐፍ ደግሞ ቤትና ባለጠግነት ከአባቶች እንደሚወረሱ፣ አስተዋይ ሚስት ግን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነች ይናገራል (ምሳሌ 19፥14)። እንግዲህ ከአባት የተወረሰው ቤት ከእግዚአብሔር የተሰጠችውን ሚስት ሜዳ ላይ የሚጥል ከሆነ ቅደም ተከተሉን አጥፍተነዋል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ተነጋገሩ። ስለ ሞት መነጋገር ሞትን አይጠራም። የጋራ ንብረታችሁ የትኛው፣ የግል የሆነው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ። ዕዳና አደራ ካለም ይነገር። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የተባለው ያልተነገረ ዕዳ በልጅ ላይ ስለሚወድቅ ጭምር ነው።

ቀጥሎ ተናዘዙ። ኑዛዜ የሽማግሌ ወይም የበሽተኛ ብቻ አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ቀን ተጽፎበት ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በገዛ እጃችሁም መጻፍ ትችላላችሁ፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለው መሆን አለበት። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ይደረጋል፤ ነገር ግን ሊወስን የሚችለው ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። አንድ ነገር አትርሱ፤ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ አይጸናም። በፍቅር ብላችሁ አንድ ላይ አትጻፉ፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ። ስለ ገጠር መሬት ከሆነ የወረዳችሁን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሴት ልጆቻችሁን አትርሱ። በሕጉ ፊት ወንድና ሴት ልጅ እኩል ወራሾች ናቸው፤ በጥንቱ ርስትም ሴት ድርሻ ነበራት። «እሷ አግብታለች» ብሎ ዝም ማሰኘት ባህላችንም አይደለም፣ እምነታችንም አይደለም።

በመጨረሻም ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ንገሯቸው። ማሳውን አንዱ ያርሰው፣ ሌላው በትምህርት ወይም በንግድ ይደገፍ ብላችሁ የወሰናችሁ እንደሆነ ምክንያቱን ከአፋችሁ ይስሙት። ከወላጅ አፍ የተሰማ ውሳኔ ቢመርም ይዋጣል፤ ከሬሳ በኋላ የተገኘ ወረቀት ግን ጥርጣሬ ያመጣል። ቀድሞውኑ የተጣላችሁ ወንድማማችና እህትማማች ካላችሁም ፍርድ ቤት ከመቆማችሁ በፊት ሽማግሌ አስቀምጡ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን አማኞች የወቀሰው በዚሁ ነበር (1ኛ ቆሮንቶስ 6)።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከወላጆቻችን የወረስነው ምንድን ነው? ከንብረቱ ጋር የወረስነው ቂምስ አለ?
2. ከሁለታችን አንዳችን ዛሬ ብንጠራ የሚቀረው ሰው በዚህ ቤት ለመኖር ምን ዋስትና አለው?
3. የይዞታ ደብተራችን ወይም የቤት ካርታችን በማን ስም ነው? የት ነው የተቀመጠው?
4. በእጃችን የሌላ ሰው ድርሻ አለ ወይ? መቼ እንመልሰው?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የእህታችሁን ድርሻ ይዛችሁ ከሆነ፣ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል በእናንተ ላይ የሚመሰክር ነውና ሺህ ዓመት አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ስልክ ደውሉላት። የማይጠፋውና የማያልፈው ርስት በሰማይ ተጠብቆልናል (1ኛ ጴጥሮስ 1፥4)፤ የምድሩን በሰላም ለመካፈል ከእኛ የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው የለም።